ያለ ሰም የሰፋሁት ጣሪያ

ብዙ ሰው በዕድሜው ውስጥ ሲያወራው የሚኖር አንድ ጀግንነት አለው። እኔም አንድ ነበረኝ። ለሁለት ቀን ያህል ኮርቼበታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመኔን ሁሉ ግን ሳፍርበት ኖርሁ። ዛሬ ጥርሴ አልቆ፣ እጄም መርፌ መያዝ ሲያቅተው ልጻፈው ብየ የተነሣሁት ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። ታሪኩን ጨርሳችሁ "ይኸ ሽማግሌ እንዴት ያለ ክፉ ኖሯል!" ብትሉ ቅር አይለኝም፤ ቀድሜ እኔው ብየዋለሁ።

ጊዜው ጥሊያን ገብቶ መተማ ላይ ከሰፈረ በኋላ ነው። አድማሱ በሉኝ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ሥራየም ኮርቻ መስፋት ነው። አባቴ ከጭልጋ ወርዶ እዚህ ቆላ የቀረው በዚሁ ሙያ ነበር። የበቅሎ ኮርቻ፣ የግመል ጭነት፣ የውሃ ስልቻ፣ የነጋዴዎች ድንኳን፣ ብቻ ቆዳና ሸራ የሆነ ነገር ሁሉ በእጄ ያልፋል። ሙያየን አውቅ ነበር፤ ማወቄንም አውቅ ነበር። ወሬ አልወድም ብል ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል። እወዳለሁ፤ በተለይ የሚወራው ስለ እኔ ከሆነ።

የውብዳርን ካገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። እሷ ጠጅ ትጥላለች። ከጠጁ የሚተርፈውን ሰፈፍ እያነጠረች ሰም ታወጣና በየዓመቱ ለሰኔ ማርያም ጧፍ እንዲሆን ለቤተ ክርስቲያን ትሰጣለች። በዚያ ዓመትም አንድ የራስ ቅል የሚያህል ቢጫ ሰም አዘጋጅታ በጨርቅ ጠቅልላ ከመደቡ ራስጌ አስቀምጣው ነበር።

አሁን ኢድሪስን ላስተዋውቃችሁ። አባቱ የገላባት ሱዳናዊ፣ እናቱ የመተማ ሴት ናት። በልጅነታችን ሁለቱን አገሮች በሚለየው ወንዝ አብረን ዋኝተናል። እሱ ጎልማሳ ሲሆን ገዳሪፍ ሄዶ መኪና መንዳት ተማረ፤ ጥሊያን ሲመጣ ደግሞ ሾፌር ተፈለገና የጦር ሰፈሩን አዛዥ፣ የካፒቴኑን መኪና ያዘ። ሐዋ የምትባል ሚስትና ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች አሉት። የሚኖሩትም ከሰፈሩ አጥር ሥር በተሰጣቸው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ከተማው በፊቱ "ኢድሪስ" ይለዋል፣ ዘወር ሲል "ባንዳ" ይለዋል። እሱ ሁለቱንም ይሰማል፤ ለሁለቱም ሰላምታ ይሰጣል።

መኪናዋ ትንሽ ጥቁር አውቶሞቢል ነበረች። ከሌሎቹ የምትለየው በጣሪያዋ ነው። ጣሪያዋ መሐሉ ክፍት ሆኖ በሸራ ተከድኗል፤ ሸራው ወደ ኋላ ሲጠቀለል ሰማዩ ይታያል። ካፒቴኑ በዚያ ክፍት አንገቱን አውጥቶ፣ ጠመንጃውን ደግኖ፣ መኪናዋ እየሄደች ጅግራ ይተኩሳል። የመተማ ሰው መጀመሪያ ሲያያት "ጥሊያን ጣሪያ ላይ መስኮት አወጣ" ብሎ ብዙ ስቋል። አንድ ቀን ታዲያ ጅግራ ሲያሳድዱ ከግራር ሥር አለፉና እሾኹ ሸራውን ተረተረው።

ሐሙስ ቀን፣ ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ኢድሪስ መኪናዋን ከደጄ አቆማት።

"አድማሱ፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ አውጣኝ" አለኝ ገና ሳይወርድ።

"ከምን ላውጣህ?"

"ከዝናብ።"

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ወርዶ ሸራውን አሳየኝ። "ትናንት ከገንዳ ውሃ ከተማ ስንመለስ ዘነበ። በዚህ በኩል ገባና አንገቱ ላይ ጠብ አለ። ምን አለኝ መሰለህ? 'ዳግመኛ አንዲት ጠብታ ብትነካኝ ሠላሳ ኩርባጅ ትቀምሳለህ፤ መሪውንም ቤቱንም ትለቃለህ' አለኝ። አስተርጓሚው ሲነግረኝ እንኳ ዓይኔን ማየት አልቻለም።"

"ለማስፈራራት ነው።"

"ወላሂ አይደለም። ባለፈው ወር የበቅሎ ጠባቂውን ሲያስገርፈው ቆሜ አይቻለሁ።" ወደ ሸራው ጠቆመና ጨመረ። "እሑድ ደግሞ ከጎንደር ትልቅ ሹም ይመጣበታል። በዚህች መኪና ይዞት ድንበሩን ሊያሳየው ነው። እሑድ ዘነበም አልዘነበም፣ እኔ ጀርባየ ያለው አንተ እጅ ላይ ነው።"

ጣሪያዋ ላይ ወጥቼ አየሁት። ሸራው አርጅቷል፤ ስፌቱም በስብሷል። በክፍቱ ዙሪያ ውሃ የሚወርድበት ቀጭን የብረት ቦይ አለ፤ የቦዩ መውረጃ ቀዳዳ ግን በአቧራና በግራር ቅጠል ተደፍኖ ጠጥሯል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ነው ወደ ውስጥ የሚገለበጠው። ይኸን ሳይ ደስ አለኝ። ካፒቴኑም፣ አብረውት ያሉት መካኒኮችም ያላዩትን አንድ ኮርቻ ሰፊ አየዋ!

"ይኸ አይጠገንም" አልሁት። "ሙሉውን አውጥቼ እቀይረዋለሁ። ቦዩንም በሽቦ እጠርገዋለሁ። ሸራ አለህ?"

ከመጋዘን የለመነውን አዲስ የድንኳን ሸራ ከወንበሩ ሥር አወጣ። "ያው ጥቁር ይሁን ብሏል። በሰም ትነክረዋለህ አይደል?"

"ሸራ ያለ ሰም ወንፊት ነው። ማን መሰልሁህ?"

ከዚያ ሰም ከየት ይምጣ የሚለው ነገር መጣ። በከተማው የነበረውን ሰም ነጋዴዎች ጠራርገው ወስደውት ነበር። የውብዳር በራፍ ላይ ቆማ ስትሰማን ኖሯል፤ ገባችና ያንን በጨርቅ የተጠቀለለ ሰም ይዛ ወጣች።

"ውሰዱት" አለች።

"አንቺ! የማርያም ስለት አይደለም ወይ?" አልኋት።

"ማርያም የሰው ጀርባ ሲላጥ እያየች ጧፍ የምትቆጥር መሰለህ? ለሷ ሌላ አነጥርላታለሁ። ሐዋ ሁለት ልጅ ይዛ የት ትወድቃለች?"

ኢድሪስ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "የቤተ ክርስቲያናችሁ ሰም ነው?" አለ። "ለእኔ?" ሰሙን በሁለት እጁ ተቀበላትና ለእኔ አቀበለኝ። ስለዚህ ሰሙን ከእጁ ነው የተቀበልሁት፤ ይኸን ሳስብ ዛሬም ሰውነቴ ይደነግጣል።

ዓርብ ጧት ከገበያው አጠገብ ካለው ዳሴ ሥር ተቀምጬ ሥራየን ጀመርሁ። ኢድሪስ መኪናዋን ትቶልኝ ሄደ፤ ብሎኖቹን ፈትቼ አሮጌውን ሸራ አወጣሁ፤ ቦዩን በሽቦና በውሃ አጠራሁ፤ አዲሱን ሸራ ለክቼ፣ ሁለት ደርቤ፣ በጅማት መስፋት ያዝሁ። ሰሙ ከጎኔ በሸክላ ተቀምጧል። እሳቱን ልለኩስ ስል ጎሹ መጣ። ጎሹ ሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ምላሱ ከሚዛኑ የፈጠነ። እሱ ያለበት ቦታ ሁልጊዜ አምስትና ስድስት ሰው ይከተላል።

"አድማሱ!" አለ ጮክ ብሎ። "የጥሊያንን ጣሪያ ትከድንለት ጀመር? የሰው ልጅ በረሃ ወርዶ ይታኮሳል፣ አንተ ደግሞ አናቱን እንዳይበርደው ትሰፋለታለህ!"

ሰዎቹ አውካኩ። አንዱ "ጋቢም ደርብለት እንጂ" አለ። እነሱ ስቀው ሄዱ፤ እኔ ግን ፊቴ እሳት እንደነካው ቀረ። ለአንድ ሰዓት ያህል ወስፌውን ይዤ ምንም ሳልሰፋ ተቀመጥሁ።

ከጎኔ ሌላም ሸክላ ነበር። ውስጡ የግራር ሙጫ አለ። እኛ ኮርቻ ሰፊዎች ሙጫን በውሃ አሟሙተን የኮርቻውን የውስጥ ጨርቅ ለማጠንከር እንቀባዋለን። ሲደርቅ እንደ ቀንድ ይጠነክራል፣ ያብረቀርቃልም። ውሃ ሲያገኘው ግን ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ይኸን የማያውቅ ኮርቻ ሰፊ የለም፤ የዝናብ ዕቃ ላይ ሙጫ የሚቀባ ሰውም የለም።

አየሁት። ካፒቴኑንም በሐሳቤ አየሁት፤ ከነእንግዳው፣ በገበያ መሐል፣ እንደ ረጠበች ዶሮ። "ይኸን የሠራ ማነው?" ሲባል፣ ጎሹ አፉን ሲይዝ፣ ከተማው በሹክሹክታ "አድማሱ ነው" ሲል ታየኝ። ምንም ሳልተኩስ፣ በረሃም ሳልወርድ፣ ዳሴ ሥር ተቀምጬ ጀግና መሆን! ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

የኢድሪስ ጀርባ ትዝ አላለኝም ብላችሁ ደስ ባለኝ። ትዝ ብሎኛል። መጀመሪያ "አይገርፉትም፣ ማስፈራሪያ ነው" ብየ ለራሴ ነገርሁት። ይኸ አልበቃ ሲለኝ "ቢገረፍስ፣ ማን ንዳላቸው አለው?" አልሁ። ለእግዚአብሔርም ምክንያት አላጣሁለትም፤ "የማርያምን ሰም ለመናፍቅ ጣሪያ አላደርግም" አልሁ። እንግዲህ በሰባት ዓመቴ ዳዊት ትቼ ኮርቻ ሥር የተደበቅሁ ሰው፣ ያን ቀን ለሃይማኖት ተቆርቋሪ ሆንሁላችሁ።

ሙጫውን ወፍራም አድርጌ አሟሟሁት። ጥቀርሻ ለወስሁበት፣ ጥቁር ሆነ። ሁለት ጊዜ ቀባሁት፤ የመተማ ፀሐይ ወዲያው አደረቀው። ከላዩ ላይ የሰሊጥ ዘይት በጨርቅ አሸሁበት። መጨረሻ ላይ ከሰሙ በጥፍሬ ትንሽ ፈርፍሬ ጠርዙን አሸሁት፤ ለሽታው ያህል። የቀረውን ሰም በአቅማዳየ ሥር፣ ከቆዳ ቁርጥራጭ በታች ከተትሁት። ውብ ሥራ ነበር። በዕድሜየ እንደዚያ የሚያምር ሸራ ሠርቼ አላውቅም።

ማታ ቤት ስገባ የውብዳር "ሰሙ በቃህ?" አለችኝ።

"ልክ በልክ" አልኋት።

ቅዳሜ ኢድሪስ መጣና ሸራውን አብረን ገጠምነው። ብሎኖቹን እሱ አጠበቀ፤ እኔ ያዝሁለት። ሲጨርስ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠና "አፍስስ!" አለኝ። በቅል ውሃ ቀድቼ ከላይ አፈሰስሁ። ዘይት ነበረበትና ውሃው ተንከባልሎ በቦዩ ወረደ።

"አንዲትም!" ሲል ጮኸ ከውስጥ። "አድማሱ፣ አንዲትም ጠብታ!"

ወጥቶ አንገቴን አቅፎ ሳመኝ። ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አውጥቶ በግድ እጄ ላይ አደረገ። "ሐዋ ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልወረደላትም። አሁን ሄጄ ስነግራት ትበላለች" አለኝ። ሸራውን በመዳፉ ዳበሰው፤ ጠርዙን አሸተተው፤ ፈገግ አለ።

በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ይመለስ ነበር። ሰሙ አቅማዳየ ውስጥ ነው፤ እሑድ ጧት ድረስ ጊዜ አለ። "ቆይ፣ አንድ ጊዜ ደግሜ ልቀባው" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌን ከፈትሁ።

"ኢድሪስ..."

"እ?"

"ፀሐይ ላይ አታቁማት። ሰም ነው፣ ይቀልጥብሃል።"

ለምን ይኸን እንዳልሁ ታውቃላችሁ? ነገ ሲያፈስስ ምክንያት እንዲኖረኝ ነው። እሱ ግን ለመኪናዋ የተጨነቅሁ መሰለውና እንደገና አመሰገነኝ።

እሑድ ጧት እንግዳው መጣ። ከራስ እስከ እግሩ ነጭ የለበሰ፣ ጫማው ሳይቀር ነጭ የሆነ ወፍራም ሰው። ካፒቴኑ ጣሪያውን እየመታ አሳየውና ሁለቱም ገብተው ወደ ድንበሩ ሄዱ። እኔ ከቅዳሴ መልስ ጎሹ ሱቅ በራፍ ላይ ቆሜ ሰማዩን ማየት ያዝሁ። በዕድሜየ እንደዚያ ቀን ዝናብ ለምኜ አላውቅም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ደመናው ከሱዳን በኩል ተነሣ። ነፋሱ አቧራውን አስቀደመ፤ ከዚያ ዝናቡ ተለቀቀ። የቆላን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጠብ ጠብ ብሎ አያስጠነቅቅም። ዋልካው መሬት ባንዴ ጭቃ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ ከታች በኩል እየተንፏቀቀች መጣች። ልክ ገበያው መሐል ስትደርስ ጎማዋ ተቀበረና ቆመች።

በሩ ተከፈተ። እንግዳው ወጣ። ነጭ ልብሱ ከትከሻው እስከ ጉልበቱ በጥቁር ወራጅ ተዥጎርጉሯል። በግንባሩ በኩል አንድ ጥቁር መስመር በአፍንጫው ወርዶ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ካፒቴኑም ወጣ፤ እሱም ያው ነው። በየሱቁ በራፍ የተጠለለው ሕዝብ ነጠላውን አፉ ውስጥ ከተተ። ጎሹ ክንዴን ጨብጦ "አንተ ነህ?" አለኝ በጆሮየ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። "እናትህ ወንድ ወልዳለች!" አለኝ። ደስታየ ከጣሪያ በላይ ነበር።

ከዚያ ኢድሪስ ወረደ። ዝናቡ ውስጥ ቆመና እጁን አንሥቶ ጣሪያውን ነካ። ዝናቡ ሙጫውን ሁሉ አጥቦ ወስዶት ነበርና መዳፉ ላይ የቀረው ጥቀርሻ ብቻ ነው። መዳፉን አየው። አሁንም አየው። ወደ እኔ ዞር ይላል ብየ ከጎሹ ኋላ ሸሸግ አልሁ። እሱ ግን ወደ ማንም አልዞረም።

ሰኞ ጧት ከተማው ባንዲራው ወደሚሰቀልበት ሜዳ ውጡ ተባለ። ወጣን። ኢድሪስን ሁለት ወታደሮች ይዘውት ቆመዋል። ሸራው ተነቅሎ እፊቱ መሬት ላይ ተጥሏል። ካፒቴኑ ተናገረ፤ አስተርጓሚው ተረጎመ።

"ይኸን የሠራ ማነው ይላሉ።"

እኔ በሦስተኛው ረድፍ ነበርሁ። ኢድሪስ ቀና አለ።

"እኔ ነኝ" አለ።

"ማን ሰፋልህ?"

"ራሴ ሰፋሁት። ሙያው ሳይኖረኝ ደፈርሁ።"

ካፒቴኑ ሸራውን በጫማው ገለበጠው። በጅማት የተሰፋ፣ እኩል እኩል የሆነ የባለሙያ ስፌት ነው። የትኛውም የመተማ ሰው አንድ ጊዜ አይቶ የማን እጅ እንደሆነ ይናገራል። ማንም አልተናገረም። ከእኔ እስከ ኢድሪስ አንድ ሃያ እርምጃ ይሆናል። አንድ እንኳ አልተራመድሁም።

ስለ ግርፋቱ አልጽፍም። ስንት ሲደርስ ድምፁ እንደጠፋ አውቃለሁ፤ እሱንም አልጽፍም። ሐዋ ከአጥሩ ጥግ ሁለቱን ልጆች ፊታቸውን ወደ ቀሚሷ አዙራ ይዛቸው ነበር። ሲያልቅ ጎሹን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ፤ ሳይሰናበተኝ ሄደ።

ቤት ስደርስ አቅማዳየ ወለሉ ላይ ተዘርግፏል። የውብዳር መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ሰሙ እፊቷ አለ።

"ይኸ ምንድን ነው?" አለችኝ።

የፈሰሰውን ቆዳ ለመሰብሰብ ጎንበስ አልሁ።

"ለሐዋ ምን ብየ ነው ፊቷን የማየው? እኔ ነኝ እኮ በእጄ የሰጠሁ!" አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። "ተነሥ። አሁኑኑ ሄደህ ንገረው። ቢገድልህም ይግደልህ።"

ተነሣሁ። እነ ኢድሪስን ከክፍላቸው አስወጥተዋቸው ወንዙን ተሻግረው ገላባት፣ አባቱ ቤት ገብተዋል አሉኝ። ተሻገርሁ። በጠፍር የተጠለፈ አልጋ ዛፍ ሥር አውጥተው በደረቱ አስተኝተውታል። ሐዋ በቅጠል ዝንቡን ትከላከልለታለች። ስታየኝ ተነሥታ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"ኢድሪስ" አልሁት። መንገድ ላይ ሳጠናው የመጣሁትን ሁሉ ረሳሁት። "ኢድሪስ፣ ያ ሰም..."

"ተው፣ እኔ ልቅደም" አለኝ። ድምፁ የሚወጣው ተቆራርጦ ነው። "ይቅር በለኝ። ፀሐይ ላይ አታቁማት ብለኸኝ ነበር። ካፒቴኑ ኬላው ጋ ገላጣው ላይ አቁማት አለኝ፤ ከጧት እስከ ቀትር ቆመች። እምቢ ማለት አቃተኝ። ቀለጠብኝ። ያን የመሰለ ሥራህን አበላሸሁብህ።" አረፍ አለ። "የማርያማችሁን ሰም ነው ያቀለጥሁባችሁ። የእናንተ ሰው እንዲህ ሲያደርግልኝ እኔ መጠበቅ ተሳነኝ። ለየውብዳርም ንገርልኝ። ይቅር ብየሃለሁ በለኝ፣ አድማሱ።"

ሐዋ ታየኛለች። እሱ አንገቱን ማዞር ስለማይችል ይጠብቃል።

"ይቅር ብየሃለሁ" አልሁት።

አዎ፣ እንዲህ አልሁት። እኔ ለእሱ። ሐዋም "አላህ ያክብርህ" አለችኝ።

ወንዙን ተመልሼ ስሻገር የውብዳር ማዶ ቆማ ትጠብቀኛለች። "ነገርኸው?" አለችኝ።

"ነገርሁት።"

"ምን አለህ?"

"ይቅር አለኝ" አልኋት። እሷም አማተበችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ድንበሩ ተዘጋ። እንግሊዝና ጥሊያን ሲታኮሱ መተማ የሰው መኖሪያ መሆኑ ቀረ፤ እኛም ሳንጃ ሄደን ተቀመጥን። እዚያ ሆኜ ኮርቻ ስሰፋ አንድ ልማድ ያዝሁ። ማንኛውንም የዝናብ ዕቃ ለባለቤቱ ከመስጠቴ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ። ሰው "አድማሱ እንዴት ያለ ጠንቃቃ ነው" ይላል። እኔ በሰው ዕቃ ላይ ተጠንቅቄ የማላገኘውን ነገር እፈልግ ነበር።

ጥሊያን ወጥቶ መንገዱ ሲከፈት ወደ መተማ ተመለስን፤ ያኔ ለየውብዳር እውነቱን ነገርኋት። አንድ ቀን ሙሉ ሳታናግረኝ ዋለችና በማግስቱ ስንቅ ቋጠረችልኝ። ገላባት ሳጣቸው ገዳሪፍ ሄድሁ። ጠይቄ ጠይቄ አገኘኋቸው፤ ማለት ሐዋንና ልጆቹን አገኘኋቸው። ኢድሪስ ከዚያ ወዲህ መሪ የሚሰጠው ሰው አላገኘም፤ ቢያገኝም ጀርባውን ወንበር ላይ ማሳረፍ አይችልም ነበር። የሙጫ ጆንያ ለነጋዴ ሲሸከም ኖሮ፣ እኔ ከመድረሴ አንድ ዓመት ቀድሞ በወባ ሞቷል።

ሐዋ እንዳየችኝ ጮኸች። ልጆቹን ጠራቻቸው፤ አድገዋል። "ያ ሰውየ ይኸ ነው!" አለቻቸው። "አባታችሁ ሁልጊዜ የሚነግራችሁ! ከቤተ ክርስቲያኑ ሰም ቆርሶ የሰጠው!" ልጆቹ እየተሽቀዳደሙ እጄን ሳሙ። ትልቋ ውሃ አመጣችልኝ፤ ትንሿ የተቀመጥሁበትን ምንጣፍ አስተካከለች። ሐዋ ባሏ ስለ እኔ ያለውን ሁሉ ትነግረኝ ጀመር። በታመመ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ሲርቀው፣ "ከወንዙ ማዶ አንድ ወዳጅ አለኝ" እያለ ይጽናና ነበር አለችኝ።

አልቻልሁም። ልጆቹ ወጣ ሲሉ ሁሉንም ነገርኋት። ሙጫውን፣ ጥቀርሻውን፣ አቅማዳውን፣ "ይቅር ብየሃለሁ" ያልሁትን። አንድም አልደበቅሁም።

ሐዋ አልሰደበችኝም። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ "ለምን ነገርኸኝ?" አለችኝ።

"ከበደኝ።"

"ከበደህ። እሺ።" ወደ በሩ አየች፤ የልጆቹ ሳቅ ከውጭ ይሰማል። "ኢድሪስ ሲሞት ቤት አልተወልኝ፣ ከብት አልተወልኝ። የተወልኝ እነዚህን ልጆችና አንድ ወዳጅ ነበር። ዛሬ መጥተህ ወዳጁን ወሰድህብኝ። አንተ ቀለለህ፤ እኔ አሁን ይኸን የት ላስቀምጠው?"

ልነሣ ስል በእጇ አስቆመችኝ።

"ለልጆቹ አትነግራቸውም" አለችኝ። "እነሱ አባታችን ወዳጅ ነበረው እያሉ ይደጉ። አንተም ወዳጁ ሆነህ ትኖራለህ። ሲጠይቁህ ትመልሳለህ፣ ሲያስፈልጋቸው ትመጣለህ። እምቢ አትለኝም።"

እምቢ አላልኋትም።

እናንተ ይኸን የምታነቡ፣ ከእኔ አንድ ነገር ብትወስዱ ይኸን ውሰዱ። በሰው ላይ የሠራችሁት በደል ካለ፣ ተበዳዩ ቆሞ ሊሰድባችሁ፣ ዱላም አንሥቶ ሊመታችሁ በሚችልበት ጊዜ ሂዱና ንገሩት። እኔ እዚያ ዛፍ ሥር ነግሬው ቢሆን ምናልባት ኢድሪስ ይረግመኝ ነበር፤ መርገምም የእሱ መብት ነበር። ያንን ነፈግሁት። በኋላ ለሚስቱ የነገርሁት ደግሞ ንስሐ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሸክሜን ከእኔ አውርጄ እሷ ላይ መጫኔ ነው። የጎሹን ሳቅ ግን እነሆ ይኸን ያህል ዘመን ቆጥሬ አንድ ቀን እንኳ አልጠቀመኝም። እሱ ራሱ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ስለ ጣሪያው አንድ ጊዜ አንሥቶ አያውቅም።

ሐዋ ካረፈች ቆይታለች። ልጆቹ ዛሬ ገዳሪፍ ውስጥ ልጅ ወልደው የልጅ ልጅ ያዩ እመቤቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስሙን ሁሉ የለወጥሁት ለእነሱ ስል ነው። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲፈታ፣ እነሱ ሙስሊሞች ሆነው ሳለ፣ የእኛን ፋሲካ አስታውሰው ወደ መተማ በሚመጣ ነጋዴ እጅ ስኳር ይልኩልኛል። ነጋዴውም ዕቃውን አስረክቦ "የአባታችን ወዳጅ እንዴት ነው? ብለዋል" ይለኛል።

"ደህና ነው በላቸው" እላለሁ።